የንግሥተ ሳባ ስም በዚምባብዌ ካቦች ላይ፦ ምድር፣ አራዊትና ቅርስ እንደ ታሪክ ምንጭ

(በታሪክና ቅርስ ጥናት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ዚምባብዌ ነው። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ከዚያው ልጀምር። በእኛ አገር የሐራሬ ስም ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው በ1991 ሥልጣናቸውን ትተው ወደዚያ ወደ ተሰደዱት የቀድሞ መሪያችን ነው። ዕድሜ የጠገቡት ደግሞ በ1970ዎቹ የነፃነት ትግል ወቅት ኢትዮጵያ የዚምባብዌን ታጋዮች ማሠልጠኗን ያስታውሳሉ። ከሁለቱም የሚቀድም፣ ግን እምብዛም የማይነገር ሦስተኛ ግንኙነት አለ። እርሱም በንግሥተ ሳባ ስም የተሠራ ግንኙነት ነው። እኛ በክብር የምንጠራት ንግሥት ስሟ ወደ ደቡባዊው አፍሪካ ተወስዶ፣ አንድን ሕዝብ ከገዛ እጁ ሥራ ለመለየት ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ መናገር የዛሬው ዋና ዓላማዬ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አቀራረቤም አንድ ነገር ልበል። የታሪክ ሰው ሁለት ቤተ መዛግብት አሉት ብዬ አምናለሁ። አንዱ ወረቀቱ የተደረደረበት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ምድሩ ራሱ ነው። ስለዚህ ንግግሬን በመጻሕፍት ቅደም ተከተል ሳይሆን ከሐራሬ ወደ ማስቪንጎ፣ ከዚያ ወደ ቡላዋዮና ማቶቦ፣ ቀጥሎም ወደ ህዋንጌና ወደ ዛምቤዚ ወንዝ በሄድኩበት መንገድ ቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ። የምናልፍባቸው ድንጋዮች፣ ዝሆኖችና መቃብሮች እያንዳንዳቸው «ይህ ምድር የማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ምስክር ሆነው ይቆማሉ።

ድንጋዩ

ከሐራሬ ወደ ደቡብ ወደ ማስቪንጎ የሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋማ ሜዳ ነው፤ በሜዳው ላይ ግን ባላሰቡት ስፍራ ትላልቅ የግራናይት ጉብታዎች ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ራሰ በራ ኮረብታ ነው፤ አንዳንዱም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ፣ ሰው ያስቀመጠው እስኪመስል ሚዛኑን ጠብቆ የቆመ ነው። እነዚህ ተደራራቢ ድንጋዮች በአገሩ የገንዘብ ኖት ላይ ሳይቀር ታትመዋል። በጉብታዎቹ መካከል ሙሳሳ የሚባለው ዛፍ ይበዛል። ይህ ዛፍ ከዝናቡ በፊት አዲስ ቅጠል ሲያወጣ አረንጓዴ ከመሆኑ አስቀድሞ ቀይና መዳብማ መልክ ይይዛል፤ ለዓይን እንግዳ የሆነ ውበት ነው።

ለታሪክ ተማሪ ግን ከውበቱ የሚበልጥ ቁም ነገር በግራናይቱ ውስጥ አለ። ግራናይት ቀን በፀሐይ እየጋለ፣ ሌሊት እየቀዘቀዘ ሲኖር ከላይ ከላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። የሚነሣው ንጣፍ ውፍረቱ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በትንሽ ምት ለግንብ የሚስማማ ድንጋይ ይወጣዋል። ግንበኞቹ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ የተማሩትን ራሳቸው በእሳትና በውኃ ያፋጥኑት ነበር። ድንጋዩን በእሳት ያግሉታል፤ ውኃ ይቸልሱበታል፤ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከሩቅ አገር በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ አይደለም፤ ያንን ድንጋይ ትውልድ በትውልድ እየነካካ ከኖረ ሰው ብቻ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ምስክር እንግዲህ ይህ ነው።

ታላቋ ዚምባብዌ

ከማስቪንጎ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው ስፍራ 700 ሄክታር የሚያህል ቦታ ይይዛል። በሦስት ይከፈላል፦ በኮረብታው ላይ ያለው ግንብ፣ በሸለቆው የተበተኑት የመኖሪያ ቅጥሮች፣ ከታች ያለው ታላቁ ቅጥር ናቸው። የታላቁ ቅጥር የውጭ ግንብ ዙሪያው 250 ሜትር፣ ቁመቱ በአንዳንድ ስፍራ 11 ሜትር ይደርሳል። ለእርሱ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ድንጋይ እንደ ገባ ይገመታል። ይህ ሁሉ የቆመው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ነው። እኛ ካብ የምንለው ነው፤ የኮንሶን መንደሮችና እርከኖች ያየ ሰው ጥበቡ አይሰወረውም። ግንቡ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ማዕዘን የለውም፤ እንደ ወንዝ ዳር ይጠማዘዛል። ከላይኛው ጠርዝ ላይ ድንጋዮቹ እንደ ጥልፍ ዘወርዋራ ሆነው ተደርድረዋል። በውስጡ 10 ሜትር የሚያህል ሾጣጣ ማማ ቆሟል። ውስጡ ድፍን ነው፤ ወርቅ ፈላጊዎች ክፍል አለው ብለው ቢመረምሩትም ከድንጋይ በቀር ምንም አላገኙበትም።

ግንቦቹ የተሠሩት ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሠሩትም የዛሬዎቹ የሾና ሕዝቦች ቅድመ አያቶች ናቸው። የአገሩ ስም ራሱ ከሾና ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የድንጋይ ቤቶች» ወይም «የተከበሩ ቤቶች» ተብሎ ይተረጐማል። ዘመኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ለማስተያየት ያህል፣ በላስታ ምድር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ይፈለፈሉ በነበረበት ወቅት በዚያም ካብ ይካብ ነበር። ክብረ ነገሥት በግዕዝ በተቀናበረበት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ታላቋ ዚምባብዌ በሙሉ ኃይሏ ላይ ነበረች። የንግሥቲቱን ታሪክ የጻፉት ጸሐፍትና እነዚያ ግንበኞች የአንድ ዘመን ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

የከተማይቱ ሀብት መሠረት ከብት ነበር፤ ከቁፋሮ የወጣው የከብት አጥንት ብዛቱ ይህን ይመሰክራል። በከብቱ ላይ የወርቅና የዝሆን ጥርስ ንግድ ተጨመረ። ሸቀጡ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወዳለችው ሶፋላ ይወርድና ከዚያ በኪልዋ ነጋዴዎች እጅ ወደ ዓረብ፣ ወደ ፋርስና ወደ ሕንድ ይሻገር ነበር። በምላሹም የብርጭቆ ዶቃ፣ የቻይና አረንጓዴ ሸክላ፣ የፋርስ ሳህን ይገባ ነበር። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የኪልዋ ሱልጣኖች የአንዱን ስም የያዘ የመዳብ ሳንቲም በስፍራው ተገኝቷል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከተማይቱ ተዳከመች። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይመስልም፤ የምድሩ መሟጠጥ፣ የንግዱ መስመር ወደ ዛምቤዚ ማዘንበል፣ የገዢዎች መከፋፈል ሁሉም ይጠቀሳሉ። ሥልጣኑ ግን ከምድረ ገጽ አልጠፋም። በምዕራብ በቡላዋዮ አጠገብ ወዳለችው ካሚ፣ በሰሜንም ወደ ሙታፓ መንግሥት ተላለፈ። በካሚ የግንብ ሥራው ይበልጥ ተራቅቋል። አንድ ጥበብ እንዲህ ከቦታ ወደ ቦታ እየተሻሻለ ሲሄድ ባለቤቱ በስፍራው እንደ ነበረ ያሳያል፤ ይህ ሁለተኛው ምስክር ነው።

የንግሥቲቱ ስም በምን መንገድ ደረሰ?

ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሶፋላን ሲይዙ፣ ወደ መሀል አገር ያለ ኖራ የተሠራ ግንብ እንዳለ ከነጋዴዎች ሰሙ። ታሪክ ጸሐፊው ዦአው ደ ባሮሽ በ1552 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ወሬ መዘገበ። ባሮሽ ስፍራውን በዓይኑ አላየም። ለማነጻጸር የጠቀሰው ግን የእኛን አክሱምን ነበር፤ በቄሱ ንጉሥ አገር የንግሥተ ሳባ ከተማ በነበረችው አክሱም ተመሳሳይ ሕንፃዎች አሉ፣ የዚያች አገር ገዢም የወርቁ ማዕድን ባለቤት ሳይሆን አልቀረም የሚል ግምት አስቀመጠ። በ1609 ደግሞ የዶሚኒካን መነኩሴው ዦአው ዶሽ ሳንቶሽ «ኢትዮጵያ ኦሪየንታል» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ፉራ የተባለው ተራራ ከንግሥቲቱ ወርቅ ጋር ይያያዛል የሚል በስፍራው የሰማውን አፈ ታሪክ ጻፈ። ተማሪዎች፣ የመጽሐፉን ርእስ ልብ በሉ። በዚያን ዘመን «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በአውሮፓውያን ካርታ ላይ እስከ ሞዛምቢክ ዳርቻ ይዘረጋ ነበር። ስሙ በሰፋበት ሁሉ የስሙ ታሪክም አብሮ ሰፋ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የዘመኑ ሰዎች የማወቅ ጉጉት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የኦፊርን ወርቅ ይጠቅሳል፤ እነርሱ ወርቅ አገኙ፤ ሁለቱን አገናኙ። ነገሩ መልኩን የለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው አሳሽ ካርል ማውክ በመስከረም 1871 ወደ ፍርስራሹ ደረሰ። ከበሩ መቃን እንጨት ፍንካች ወስዶ ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየው፤ በሽታና በቀለም ስለ ተመሳሰሉበት የሊባኖስ ዝግባ ነው አለ። ሊባኖስ ከሆነ ፊንቄያውያን ያመጡት ነው፤ ፊንቄያውያን ካመጡት ደግሞ በኮረብታው ላይ ያለው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ፣ በሸለቆው ያለው ንግሥተ ሳባ በኢየሩሳሌም የተቀመጠችበት ቤት አምሳያ ነው ብሎ ደመደመ። እንጨቱ የአገሩ የራሱ ዛፍ ነበር። አንድ ሙሉ ሥልጣኔ በአንድ የእንጨት ፍንካች ከባለቤቱ ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ የሴሲል ሮድስ ኩባንያ ሰፋሪዎች ወደ አገሩ ገቡ። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው ከሁለት የእንግሊዝ ምሁራን ማኅበራት ጋር ሆኖ ቴዎዶር ቤንት የተባለውን ሰው ፍርስራሹን እንዲያጠና ላከው። ቤንት ቆፈረ፤ ያገኘውም በአብዛኛው በዙሪያው ካሉት መንደሮች ዕቃ ጋር የሚመሳሰል ነበር። ሆኖም ግንቡን የሠሩት ከዓረቢያ የመጡ የሰሜን ሰዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከማሾናላንድ ከተመለሰ በኋላ በ1893 ወደ አገራችን መጥቶ አድዋን፣ ይሓንና አክሱምን አይቷል፤ ስለ አክሱም የጻፈው መጽሐፍም በዚያው ዓመት ታትሟል። በሁለቱም ስፍራ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ የዓረቢያን አሻራ። በይሓና በአክሱም የደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት በድንጋይ ላይ በእርግጥ አለ፤ በዚምባብዌ ግን የለም። ከአንደኛው ያገኘውን በሌላው አጥቶ ሳለ መደምደሚያው አንድ መሆኑ፣ መልሱ ከጥናቱ በፊት ተዘጋጅቶ እንደ ነበር ያስገነዝባል።

ማስረጃና ሥልጣን

መልሱ ስለ ምን አስቀድሞ ተዘጋጀ? ሰፋሪዎቹ መሬቱን የያዙት «ታሪክ የሌለው ሕዝብ የሚኖርበት ባዶ አገር» በሚል ምክንያት ነበር። ግንቡን የአገሩ ሰው ሠራው ከተባለ ምክንያቱ ይፈርሳል። የጥንት ሴማውያን ሠሩት ከተባለ ግን የሰፋሪዎቹ መምጣት ወረራ መሆኑ ይቀርና ወደ ጥንት ርስት መመለስ ይሆናል። ስለዚህ «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ከመሬቱ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። በ1930 የወጣው የመሬት ድልድል ሕግ ከአገሩ መሬት ግማሽ ያህሉን ለጥቂት ነጮች ሲሰጥ፣ ይህ የታሪክ አተረጓጐም ከኋላው ቆሞ ነበር።

ጥፋቱ በአሳብ ብቻ አላበቃም። በ1895 ከፍርስራሾች ወርቅ እያወጣ እንዲሸጥ ፈቃድ የተሰጠው ኩባንያ ተቋቋመ፤ መቃብሮች ተከፈቱ፤ የወርቅ ጌጦች ቀለጡ። በ1902 ስፍራውን እንዲጠብቅ የተሾመው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ሆል ደግሞ «የጥንቱን» ሥራ ለመግለጥ በሚል ከላይ ያለውን የመኖሪያ ድልዳል አስጠርጎ ጣለው። የጣለው የአገሩ ሰዎች ለዘመናት የኖሩበትን አፈር ነበር። የቁፋሮ ጥናት የሚያነበው የአፈርን ንብርብር ነው፤ ያ ንብርብር ከተጠረገ በኋላ ግንቡ መቼና በማን እንደ ተኖረበት የሚናገር ገጽ ቀረ ማለት ነው። ሆል በ1904 ከሥራው ተነሣ፤ አፈሩ ግን አልተመለሰም።

በ1905 ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር የተባለ በሙያው የሠለጠነ አርኪዮሎጂስት መጣ። ሆል ሳይነካቸው የቀሩ ስፍራዎችን መርምሮ፣ ከውጭ የገቡት ዕቃዎች ከመካከለኛው ዘመን የማይቀድሙ መሆናቸውን፣ ቤቶቹም በሁሉ ነገራቸው አፍሪካዊ መሆናቸውን አስታወቀ። ሰፋሪዎቹ አልተቀበሉትም። በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን፣ በኋላ በኢያሪኮ ቁፋሮ ስመ ጥር ከሆነችው ከካትሊን ኬንየን ጋር ሆና እንደ ገና ቆፈረች። በሾጣጣው ማማ ሥር ሳይቀር መሿለኪያ አስቆፍራ መሠረቱን መረመረች። ውጤቷ የማካይቨርን አጸና። ከ1950ዎቹ ጀምሮም የራዲዮካርበን ልኬት ተጨመረበት። በሙያው ዓለም ክርክሩ ተዘጋ።

በፖለቲካው ግን አልተዘጋም። በኅዳር 1965 የነጮቹ መንግሥት ነፃነቱን በራሱ ሥልጣን ካወጀ በኋላ፣ በስፍራው ላይ የሚታተሙ የመንግሥት ጽሑፎች የአገሩን ሰው ግንበኛነት እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ሳይሆን ከብዙ አስተያየቶች እንደ አንዱ ብቻ እንዲያቀርቡ ግፊት ይደረግ ጀመር። የቅርስ ኃላፊ ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ ይህን አልተቀበለምና በ1970 አገሩን ለቆ ወጣ፤ ዋና መጽሐፉንም በ1973 በውጭ አሳተመ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ላስታውስ የምወደው ነገር አለ። ሐሰት ሁልጊዜ በግልጥ ክህደት አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ በሚዛናዊነት ልብስ ይመጣል። «ሁሉንም አስተያየት እኩል አቅርቡ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። አንደኛው ወገን ማስረጃ፣ ሌላኛው ወገን ምኞት ብቻ ይዞ ሲቆም ግን ሁለቱን በእኩል ማስቀመጥ ለምኞት ማድላት ነው።

ማቶቦ

ከማስቪንጎ ወደ ምዕራብ ወደ ቡላዋዮ ሄዶ፣ ከዚያ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲወርዱ የማቶቦ ኮረብታዎች ይገኛሉ። ግራናይቱ እዚህ ተከማችቶ የድንጋይ ባሕር ሆኗል። በዋሻዎቹ ውስጥ ሳን የሚባሉት አዳኝ ሕዝቦች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የሣሏቸው ሥዕሎች አሉ። በንስዋቱጊ ዋሻ ያሉት ቀጭኔዎች አካሄዳቸው እስኪታወቅ ድረስ ሕያው ናቸው። በፖሞንግዌ ዋሻ ግን የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ በ1920ዎቹ ሥዕሎቹን ለመጠበቅ ተብሎ ዘይት ተቀብተው ነበርና ጥበቃው ራሱ አጠፋቸው። ሁለቱን ዋሻዎች በአንድ ቀን ያየ ሰው ስለ ቅርስ አጠባበቅ ብዙ ይማራል።

ማቶቦ የመቃብርም ምድር ነው። የንዴቤሌው ንጉሥ ምዚሊካዚ በ1868 ካረፈ በኋላ አጽሙ እዚያ በዋሻ ተቀመጠ። በ1902 ደግሞ ሴሲል ሮድስ ራሱ በመረጠው የኮረብታ ራስ ላይ ተቀበረ። ስፍራው ማሊንዲድዚሙ ይባላል፤ የአባቶች መናፍስት የሚያርፉበት ማለት ነው። ሰፋሪዎቹ በ1893ቱ ጦርነት የሞቱባቸውን ወታደሮች አጽም መጀመሪያ በታላቋ ዚምባብዌ ቀብረውት ነበር፤ በ1904 አፍልሰው ወደ ሮድስ መቃብር አጠገብ አመጡት። አካሄዱን አስተውሉ፤ ሁለቱም የአገሩ ሕዝብ ቅዱስ የሚላቸው ስፍራዎች ናቸው። ሙታንን በሌላው ቅዱስ ስፍራ መቅበር መሬትን በወረቀት ከማስመዝገብ የጠነከረ የባለቤትነት ቃል ነው። በዚያው ኮረብታ ሰንሰለት ውስጥ ንጄሌሌ የሚባለው የምዋሪ የጸሎት ስፍራ አለ። ከተለያዩ ሕዝቦች የተውጣጡ መልእክተኞች ለዝናብ ልመና እስከ ዛሬ ወደዚያ ይሄዳሉ። በሮድስ መቃብር ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ በንጄሌሌ ምንም ጽሑፍ የለም። ታሪክን በጽሑፍ ብቻ የምንለካ ብንሆን የትኛውን ስፍራ አልፈነው እንሄድ ነበር?

አራዊትና ሰዎች

ከቡላዋዮ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ከግራናይቱ ወጥቶ በካላሃሪ አሸዋ ላይ ወዳለው ወደ ህዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ያደርሳል። ፓርኩ ከ14,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደረቁ ወቅት ማታ በውኃ ዳር የተቀመጠ ሰው ዝሆኖች በመቶ በመቶ እየሆኑ ከአቧራው ውስጥ ሲወጡ ያያል። አስቀድሞ ግልገል የያዙት እናቶች ይጠጣሉ፤ ጎሾችና የሜዳ አህዮች ራቅ ብለው ተራ ይጠብቃሉ። የጎብኚዎች መጽሔት ይህን «ያልተነካ ተፈጥሮ» ይለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአብዛኛው የፓርኩ ክፍል በበጋ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ኩሬዎቹን የሚሞላው ከከርሰ ምድር በሞተር የሚሳብ ውኃ ነው። ስፍራው በ1928 የአራዊት ክልል ሲባል በውስጡ ያድኑ የነበሩት የሳን ተወላጆች እንዲወጡ ተደርገዋል። ሰው ወጣ፤ የውኃ ሞተር ገባ፤ ዝሆኑ በዛ። የአገሪቱ ዝሆኖች ከ80,000 እንደሚበልጡ በ2014 ከአየር የተደረገው ቆጠራ አሳይቷል፤ በፓርኩ ዙሪያ ያለው ገበሬም ማሽላውንና በቆሎውን ሌሊት ሌሊት ከእነርሱ ሲከላከል ያድራል። ያልተነካ የሚባለው መልክዓ ምድር የታሪክ ሥራ ነው ማለቴ ለዚህ ነው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን ካሪባ ነው። በዛምቤዚ ላይ ከ1955 እስከ 1959 የተሠራው ግድብ ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ፈጠረ። ውኃው ሲሞላ በደሴት ላይ የተከበቡትን እንስሳት ለማዳን በኖኅ ስም የተሰየመ ዘመቻ ተደረገ፤ ከ6,000 በላይ እንስሳት ወጡ፤ ፎቶግራፋቸው በዓለም ጋዜጦች ታየ። በዚያው ሸለቆ በሁለቱ የወንዝ ዳርቻዎች ይኖሩ የነበሩ 57,000 ያህል የቶንጋ ሰዎች ግን ከወንዝ ዳር እርሻቸው ተነሥተው በመኪና እየተጫኑ አፈሩ ቀጭን ወደ ሆነ ደረቅ ምድር ተወሰዱ። በሰሜኑ ዳርቻ በ1958 አንነሣም ያሉ ሰዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ስምንት ሰው ገድሏል። ለኖኅ መርከብ የተሰጠው ስም ለሰው አልተሰጠም። ቶንጋዎቹ ንያሚንያሚ የሚሉት የወንዙ መንፈስ በግድቡ ምክንያት ከሚስቱ እንደ ተለየ ይናገራሉ። ይህን ተረት ብለን እንዳናልፈው፤ በወንዙ በሁለት ዳርና ዳር ተከፍሎ የቀረ ቤተ ዘመድ ሐዘኑን የመዘገበበት መንገድ ነው። እኛም ታላላቅ ግድቦች በሚሠሩባት አገር የምንኖር ሰዎች ነንና የዚህ ዓይነቱን መዝገብ ማንበብ ይገባናል።

ከካሪባ ወደ ላይ፣ ወንዙ 1,708 ሜትር ስፋት ይዞ ወደ 108 ሜትር ጥልቀት የሚወረወርበት ፏፏቴ አለ። ዴቪድ ሊቪንግስተን በኅዳር 1855 አይቶት በንግሥቱ ስም ቪክቶሪያ አለው። የአገሩ ሰዎች ሞሲ ኦ ቱንያ ይሉታል፤ የሚያስገመግም ጢስ ማለት ነው። አንደኛው ስም ፏፏቴውን ያላየችውን ሴት ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ፏፏቴውን ራሱን ይናገራል።

ከነፃነት በኋላ

በሚያዝያ 18 ቀን 1980 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ስሟን ከፍርስራሹ፣ የሰንደቅ ዓላማዋን ምልክት ደግሞ በኮረብታው ላይ ከተገኙት ከሳሙና ድንጋይ ከተቀረጹ ወፎች ወሰደች። ከወፎቹ አንዱን በ1889 አንድ አዳኝ ከምሰሶው ቆርጦ ወስዶ ለሮድስ ሸጦለት ነበር። ሌሎቹም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጋዙ። በ1981 በአንድ የነፍሳት ስብስብ ልዋጭ አራቱ ተመለሱ። የአንደኛው ወፍ የታችኛው ክፍል በአንድ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በኩል በርሊን ደርሶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ፣ በመጨረሻ በ2003 ወደ አገሩ ገብቶ ከላይኛው ክፍል ጋር ተገናኘ። በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰልንን የአክሱም ሐውልት የምናውቅ ሰዎች የዚህን ደስታ መጠን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም።

ታሪኩን በዚህ ብዘጋው መልካም ነበር፤ ግን ሙሉ አይሆንም። በስፍራው ዙሪያ የኔማንዋ፣ የሙጋቤና የቻሩምቢራ ጎሳዎች አሉ። ሦስቱም ስፍራው የአባቶቻችን ነው ይላሉ፤ በመካከላቸውም ክርክር አለ። ጆስት ፎንቴይን የተባለው አጥኚ በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሽማግሌዎቹ ከነፃነት በኋላ በኮረብታው ላይ የዝናብና የአባቶች ሥርዓት መፈጸም ይፈቀድልናል ብለው ጠብቀው ነበር። ያገኙት አጥርና የመግቢያ ክፍያ ነው። ቀድሞ ከግንቡ ውስጥ የሚሰሙ ድምፆች እንደ ነበሩ፣ አሁን ስፍራው ዝም እንዳለ ይናገራሉ። ቅኝ ገዢው ስፍራውን ለሳባ ንግሥት ሰጠው፤ አዲሱ መንግሥት ለብሔሩ ሰጠው፤ የዓለም ቅርስ መዝገብ በ1986 ለሰው ልጅ ሁሉ ሰጠው። በአቅራቢያው የሚኖረው ገበሬ ግን ሦስቱም ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀርቷል። ውሸትን በማስረጃ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ለባለቤቱ ድምፁን መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ለእኛ የሚሆን ቁም ነገር

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፉ ሦስት ነገሮችን ጠቅሼ አበቃለሁ።

አንደኛ፣ የአክሱምን ታሪክ በሚመለከት እኛም የዚህ ችግር ተካፋዮች ነን። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ሰፋሪዎች ሥልጣኔውን ተክለውታል የሚለው አሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በተለይም በካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሥራዎች፣ የጸና ትምህርት ሆኖ ነበር። የኋላ ጥናት ግንኙነቱን ሳይክድ የአገሩን ሰው ሚና ከፍ አድርጎ አሳይቷል። መልካሙ መንገድ ይህ ነው፤ ይሓ ላይ ያለውን የደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት በኩራት ምክንያት አንክድም፤ በጽሕፈቱ ምክንያት ደግሞ ግንበኛውን አንረሳም።

ሁለተኛ፣ የንግሥተ ሳባ ትውፊት የእኛ ሀብት ነው። በመንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሥዕልና በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የሠራው ሥራ ትልቅ ነውና እንደ ትውፊት ሊጠና ይገባዋል። ዛሬም ግን አንዳንድ ወገኖቻችን ንግሥቲቱ እስከ ዛምቤዚ ትገዛ ነበር እያሉ በኩራት ሲናገሩ እሰማለሁ። ያ ኩራት ከማውክ እርሳስ የተቀዳ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እንተወው ነበር። ክብራችንን ለማብዛት የሌላውን አፍሪካዊ የእጅ ሥራ መጨመር የለብንም፤ የራሳችን ይበቃናል።

ሦስተኛው ለተማሪዎቼ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለመሥራት ወደ አንድ ስፍራ ስትሄዱ፣ በዚያ ያለውን ግንብ ከመለካታችሁ በፊት በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁ። የሚነግራችሁ ስም ከመጽሐፉ ስም ጋር ላይገጥም ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ ከዚያ ማስረጃውን መዝኑ። ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለም «አስተያየቶች አሉ» ብላችሁ አትሸሸጉ፤ ያገኛችሁትን ተናገሩ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።